ሚስ ሲልቪያ ፓንክረስትና የዉድፎርድ መንደር

ካዛንቺስ የሚለው የሠፈር ስም ከየት እንደ መጣ ቆም ብሎ የጠየቀ የከተማችን ሰው ብዙ አይመስለንም። ስሙ አማርኛ አይደለም፤ ኦሮምኛም አይደለም። ጠላት አዲስ አበባን ይዞ በቈየባቸው አምስት ዓመታት ውስጥ ለመንግሥት ሠራተኞቹ መኖሪያ የሚሆኑ ቤቶች በዚያ አካባቢ አሠርቶ ነበር። በጣሊያንኛ ቤቶች ካዜ ይባላሉ፤ የሠራተኞቹን ቤት የሚያሠራው ድርጅት ደግሞ በስሙ መነሻ ፊደላት ኢንቺስ እየተባለ ይጠራ ነበር። ሁለቱ ቃላት በሕዝቡ አንደበት ተጋጥመው ካዛንቺስ ሆኑ። ባለቤቱ ሲወጣ ስሙ ሳይወጣ ቀረ።

ቤት የሚሠራ ሰው ለመኖር ያሰበ ነው። የፋሺስት መሐንዲሶች የከተማይቱን ካርታ ዘርግተው ነጩ በአንድ ወገን፥ አገሬው በሌላ ወገን እንዲኖር ሲያሰምሩ፥ የአራዳውንም ገበያ ወደ አዲስ ከተማ ሲያዛውሩ፥ ለአምስት ዓመት ብለው አልነበረም። የዚያን ጊዜው ዓለምም አብዛኛው ነገሩ አልቋል ብሎ ነበር። እንግሊዝ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1938 የኢጣሊያ ንጉሥ የኢትዮጵያ ገዢ መሆኑን በይፋ ዐውቃለች።

አላለቀም ብለው ከተነሡት ጥቂት የውጭ አገር ሰዎች መካከል አንዲት ፀጕራቸው የሸበተ እንግሊዛዊት ነበሩ። የሚኖሩት ከሎንዶን በስተሰሜን ምሥራቅ፥ ኤፒንግ ከተባለው ደን ጥግ፥ ዉድፎርድ በምትባል መንደር ነበር። ሹመት የላቸውም፤ ሀብት የላቸውም፤ በወጣትነታቸው ካፈሯቸው ወዳጆችም ብዙዎቹ ርቀዋቸው ነበር። የነበራቸው አንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ ነው። በዛሬው ገጻችን የምናወሳው የእኚህን ሴት፥ የሚስ ሲልቪያ ፓንክረስትን ሕይወት ነው፤ ይልቁንም የመንደር ኑሯቸውን። ስለ እሳቸው ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው የአደባባዩ ነው። ዋናው ሥራ የተሠራው ግን በጓዳ ነው ብለን እናምናለን።

ሲልቪያ በማንቸስተር ከተማ እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 1882 ተወለዱ። ይህን ቀን አንባቢያችን ልብ ይበልልን፤ ኋላ እንመለስበታለን። አባታቸው ዶክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ሕግ ዐዋቂ ነበሩ፤ ልጆቻቸውንም፥ ለሌላው ያልሠራ ሰው ያደገበትን እንጀራ ዋጋ አልከፈለም በሚል ሐሳብ አሳደጉ። እ.ኤ.አ. በ1898 አባትየው ሲያርፉ ሲልቪያ የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ።

በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ሴቶች በምክር ቤት ምርጫ ድምፅ የመስጠት መብት አልነበራቸውም። እናታቸው ኤመሊን ፓንክረስት በ1903 እዚያው ማንቸስተር በሚገኘው ቤታቸው ሴቶችን ሰብስበው ለዚህ መብት የሚታገል ማኅበር አቋቋሙ። ልመናው ሰሚ ባጣ ጊዜ ማኅበሩ ወደ አደባባይ ወጣ፤ መስኮት መስበርም፥ መታሰርም መጣ። ሲልቪያ በዚህ ጊዜ ሠዓሊ ለመሆን የሚማሩ ልጃገረድ ነበሩ። ከማንቸስተር የሥዕል ትምህርት ቤት በሽልማት ወደ ቬኒስ ተልከው፥ ሲመለሱም በሎንዶን ንጉሣዊ የሥነ ጥበብ ኮሌጅ ገብተው ነበር። በየፋብሪካው እየዞሩ ሴት ሠራተኞችን በሥራቸው ላይ እንዳሉ ከሣሏቸው ሥዕሎች ጥቂቶቹ ዛሬ ቴት በተባለው በታላቁ የሎንዶን የሥዕል ቤት ይገኛሉ። ብሩሹን ያስቀመጡት በአንድ ቀን አይደለም፤ ዛሬ ስብሰባ ነው፥ ነገ እስር ቤት ነው ሲባል ቀለሙ ደርቆ ቀረ። ይህን እንደ ትንሽ ነገር የሚያይ ሰው ይኖር ይሆናል። እኛ ግን በሕይወታቸው ከከፈሉት ዋጋ የመጀመሪያው ይህ ነው እንላለን።

እስር ቤት ሲገቡ እህል አልቀምስም ይሉ ነበር፤ ጠባቂዎቹም ጠፍረው ይዘው በጎማ ቱቦ ምግቡን ወደ ሆዳቸው ያወርዱታል። መንግሥት በ1913 አዲስ ሕግ አወጣ፤ በረኀብ የደከመችውን እስረኛ ለቆ፥ ስታገግም መልሶ የሚይዝ። ሕዝቡ የድመትና የአይጥ ሕግ አለው። ሲልቪያ በዚህ ሕግ ደጋግመው ታስረው ደጋግመው ተፈተዋል። በ1914 ከእስር ቤት እንደ ወጡ መቆም አቅቷቸው ሳለ በሰው ተደግፈውና ተሸክመው እስከ ምክር ቤቱ ደጅ ሄዱ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ አስኲዝም የምሥራቅ ሎንዶንን ድኻ ሴቶች መልእክተኞች እቀበላለሁ እስኪሉ ድረስ ከዚያ ንቅንቅ አላሉም።

ከእናታቸውና ከታላቅ እኅታቸው ከክሪስታቤል የተለያዩትም በዚያው ዓመት ነው። እነዚያ ትግሉ ለሴቶች ድምፅ ብቻ ይሁን፥ የሠራተኛው ነገር አይቀላቀልበት ባሉ ጊዜ፥ ሲልቪያ ከምሥራቅ ሎንዶን ሠራተኞች ጋር ቀሩ። ታላቁ ጦርነት ሲነሣ እናትና ታላቅ እኅት ዘምተህ ተዋጋ እያሉ ሲሰብኩ፥ እሳቸው ጦርነቱን ተቃወሙ፤ መቃወምም ብቻ አይደለም፥ ባሎቻቸው ለዘመቱባቸው ሴቶች ያለ ትርፍ የሚሸጥ ምግብ ቤት ከፈቱ፤ ሥራ ላጡት አሻንጉሊት የሚሠሩበት ፋብሪካ አቋቋሙ፤ አንድ አሮጌ መጠጥ ቤትም ተከራይተው የሕፃናት ማቆያ አደረጉት። ከጦርነቱ በኋላ የሩሲያን አብዮት ደግፈው ሌኒንን እስከ ማነጋገር ደርሰው ነበር፤ ከኮሙኒስቶቹም ጋር ግን ብዙ ሳይቈዩ ተጣሉ። ጋዜጣቸውን አንተ ብቻ ተቈጣጠረው ተብሎ ለማንም የሚሰጥ ነገር አላደረጉትም።

እ.ኤ.አ. በ1924 ሲልቪያ ከሎንዶን ጭስ ወጥተው ዉድፎርድ ገቡ። አብረዋቸው የነበሩት ሲልቪዮ ኮሪዮ የተባሉ፥ ከአገራቸው የተሰደዱ፥ የማተሚያ ሙያ የሚያውቁ ጣሊያናዊ ናቸው። በዋናው መንገድ ዳር፥ ከአንድ መጠጥ ቤት ፊት ለፊት፥ ሬድ ኮቴጅ የተባለች ትንሽ ቤት ነበረቻቸው። እሑድ እሑድ ከምሥራቅ ሎንዶን የሚመጣው ሠራተኛ ልጆቹን ይዞ ወደ ኤፒንግ ደን ሽርሽር ሲወጣ በዚያ በኩል ስለሚያልፍ፥ ቤቲቱን ሻይ ቤት አደረጓት። ጠቅላይ ሚኒስትር ያንበረከኩት ሴት ለመንገደኛ ሻይ ሲያቀርቡ ማሰብ ያስገርማል፤ ግን ኑሮ ነው። ኮሪዮ ከእሳቸው ይልቅ ጥሩ ወጥ ሠሪ ነበሩ ይባላል። ሲልቪያ ቀን ቀን የቤቱን ጣጣ፥ ሌሊት ሌሊት ጽሕፈታቸውን ይዘው፥ ስለ ሴቶች ትግልና ስለ ጦርነቱ ዘመን የምሥራቅ ሎንዶን ኑሮ የራሳቸውን ትዝታ የጻፉባቸውን ሁለት ትልልቅ መጻሕፍት አወጡ፤ የመጀመሪያው በ1931፥ ሁለተኛው በ1932 ታተመ። የዚያን ዘመን ታሪክ የሚያጠና ሰው ዛሬም ከእነዚህ መጻሕፍት ሳይጀምር አያልፍም።

ሁለቱ በቤተ ክርስቲያንም ሆነ በመዘጋጃ ቤት አልተጋቡም፤ ይህን መሸሸግ አንወድም። በ1920 ዓ.ም.፥ በዐርባ አምስት ዓመታቸው፥ ወንድ ልጅ ወለዱ፤ በአባታቸውም ስም ሪቻርድ አሉት። እናታቸው ኤመሊን ነገሩን በሰሙ ጊዜ እጅግ አዘኑ፤ ተቈጡም። ከጥቂት ወራት በኋላ እናትየው ሳይታረቁ አረፉ። የእንግሊዝ ሴቶች ከወንዶች እኩል ድምፅ የመስጠት መብት ያገኙት በዚያው ዓመት ነው። እናትና ልጅ በአንድነት የጀመሩት ሥራ ሲፈጸም፥ ሁለቱ በአንድ ማዕድ አልነበሩም።

በመንደሪቱ ውስጥ አንድ ሌላ ነገር ነበር። ለዉድፎርድና ለአካባቢዋ በምክር ቤት የሚቀመጡት እንደራሴ፥ ከዚያው ከ1924 ጀምሮ፥ ዊንስተን ቸርችል ነበሩ። ስለዚህ ሚስ ሲልቪያ ለእንደራሴያቸው ደብዳቤ ሲጽፉ ደብዳቤው የሚደርሰው ለቸርችል ነው፤ ሲጽፉም በወጉ ብቻ አልነበረም። ሰውየው በየሳምንቱ የሚደርሳቸው የዚህች ጎረቤት ወረቀት ሳያሰለቻቸው አልቀረም ብለን እንገምታለን።

ሲልቪያ ከኮሪዮ ጋር ስለሚኖሩ ፋሺዝም ምን እንደ ሆነ ከብዙ እንግሊዛውያን ቀድመው ተረድተዋል። እ.ኤ.አ. በ1924 ፋሺስቶች ማቴዮቲ የተባሉትን የሕዝብ እንደራሴ ሮማ ላይ ሲገድሉ፥ ኋላም ባለቤታቸውን በጥበቃ ሥር አድርገው ሲያስጨንቁ፥ ለሴትየዋ የሚሟገት ኮሚቴ ካቋቋሙት አንዷ እሳቸው ነበሩ። የወልወል ግጭት በኅዳር 1927 ዓ.ም. በተነሣ ጊዜም ነገሩ የድንበር ነገር እንዳልሆነ ወዲያው ገባቸው።

በዚያ ጊዜ የሠሩት አንድ ሥራ አለ። በሬድ ኮቴጅ አጠገብ በነበራቸው ቦታ ላይ አንድ ሐውልት አቆሙ። ሐውልቱ ጀግና በፈረስ ላይ የተቀመጠበት አይደለም፤ ከሰማይ የወደቀ ቦምብ በድንጋይ ተቀርጾ በምሰሶ ላይ የቆመ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 በጄኔቭ በተደረገው የጦር መሣሪያ ቅነሳ ጉባኤ ላይ፥ ከአውሮፕላን ቦምብ የመጣል መብት ይጠበቅልን ብለው ለተከራከሩት መሪዎች መታሰቢያ ይሁን ተብሎ በምፀት ተጽፎበታል። በ1928 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ጉዳት ደርሶበትም እንደ ገና ተሠርቶ በዚያው ዓመት ዳግመኛ ሲመረቅ የኢትዮጵያ ለጋሲዮን ጸሐፊ በቦታው ተገኝተዋል። በጦር ሜዳ ላይ በዚያ ዓመት ምን ይዘንብ እንደ ነበር ለአንባቢያችን ማስታወስ አያስፈልግም። ያ የድንጋይ ቦምብ ዛሬም ዉድፎርድ ላይ ቆሟል።

አሁን ወደ ቀኑ እንመለስ። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም.፥ በፈረንጆቹ ሜይ 5 ቀን 1936፥ ባዶሊዮ አዲስ አበባ ገባ። የሚስ ሲልቪያ ጋዜጣ የመጀመሪያው ቍጥር የወጣው በዚያው ቀን ነው። እሳቸውም በዚያው ቀን 54 ዓመት ሞላቸው። ጋዜጣው ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ ይባላል፤ በአማርኛ ቢመለስ አዲስ ዘመንና የኢትዮጵያ ዜና እንደ ማለት ነው። በ1933 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተመሠረተው ጋዜጣ አዲስ ዘመን መባሉ ከዚህ የመጣ ነው አንልም፤ ግን ስሞቹ እንደ ወንድማማች መሆናቸው ደስ ይለናል።

በዚያን ጊዜ ሬድ ኮቴጅን ትተው በዚያው በዉድፎርድ ቻርተሪስ መንገድ ላይ ወደሚገኝ ሰፋ ያለ ቤት ተዛውረው ነበር። የጋዜጣው መሥሪያ ቤት ይኸው መኖሪያ ቤት ነው። ወረቀት በጠረጴዛው፥ ወረቀት በደረጃው፥ ወረቀት በወለሉ። ሲልቪያ ርእሰ አንቀጹን ሌሊት ይጽፋሉ፤ ኮሪዮ ገጹን ያሰናዳሉ፥ በብዕር ስምም ይጽፋሉ፤ ከፋሺስት የሸሹ ሌሎች ጣሊያናውያንም፥ ከእነርሱም አንዱ ፕሮፌሰር ክሬስፒ፥ ይረዷቸው ነበር። እዚህ ላይ ወጣት አንባቢያችን አንድ ነገር እንዲያስተውል እንወዳለን፤ በካዛንቺስ ቤት የሚሠራው ጣሊያናዊ፥ በዉድፎርድ ስለ ኢትዮጵያ ፊደል የሚደረድረውም ጣሊያናዊ ነበር።

ገንዘብ ሁልጊዜ እንደ ጐደለ ነው። ባዛር ይደረጋል፤ ወዳጅ ይለመናል፤ የማተሚያው ዕዳ ከሳምንት ወደ ሳምንት ይገፋል። የሆነ ሆኖ ጋዜጣው አንድ ሳምንትም ሆነ ሁለት ተብሎ የተጀመረ ሲመስል ሃያ ዓመት ዘለቀ፤ ጊዜው በደራ ወቅትም በሳምንት እስከ 40,000 ቅጂ ይታተም እንደ ነበር ይነገራል። በምዕራብ አፍሪካና በዌስት ኢንዲስ የሚነበብ ሆነ፤ ኋላ ለነጻነት የተነሡት ጥቁር ወጣቶች ብዙዎቹ ስለ ኢትዮጵያ ያወቁት በእሱ ነው። የመርዝ ጋዙ ነገር፥ የቀይ መስቀል ድንኳኖች መደብደብ፥ የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እልቂት፥ የአርበኞቹም ውጊያ በዚያ ታተመ። ትልልቆቹ የሎንዶን ጋዜጦች ወሬው አረጀ ብለው ወደ እስፔን፥ ከዚያም ወደ ቼኮዝሎቫኪያ ሲዞሩ፥ የመንደሪቱ ጋዜጣ አልዞረም።

ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ግንቦት 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ዋተርሉ ባቡር ጣቢያ ሲደርሱ፥ ከተቀበሏቸው ሰዎች መካከል ሲልቪያ ነበሩ። ሴትየዋ በወጣትነታቸው ዘውድ የሚባል ነገር የማይወዱ ስለ ነበሩ ወዳጅነታቸው ብዙዎችን አስገርሟል። የምደግፍዎ ንጉሠ ነገሥት ስለ ሆኑ ሳይሆን ጉዳይዎ የእውነት ስለ ሆነ ነው ብለው በግልጽ እንደ ነገሯቸውና ንጉሠ ነገሥቱም ነገሩን በደስታ እንደ ተቀበሉት ይተረካል። በሎንዶን የነበሩትን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሐኪም ወርቅነህን በሥራቸው ይረዱ ነበር፤ ከልዕልት ፀሐይም ጋር፥ ልዕልቲቱ በሎንዶን የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ሙያ በሚማሩበት ጊዜ፥ እንደ እናትና ልጅ ሆኑ።

ሚያዝያ 27 ቀን እንደ ገና መጣ፤ 1933 ዓ.ም.። ንጉሠ ነገሥቱ በአምስተኛ ዓመቱ በዚያው ዕለት አዲስ አበባ ገቡ። ሌላ ሰው ቢሆን ጋዜጣውን ዘግቶ ያርፍ ነበር። ሲልቪያ ግን የገዛ መንግሥታቸውን መጠርጠር ጀመሩ። በ1934 ዓ.ም. በተደረገው ውል የእንግሊዝ ጦር ባለሥልጣኖች በኢትዮጵያ ሰፊ ሥልጣን ይዘው ነበር። ዛሬ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ለገሃር በምንለው ጣቢያ የሚገባውና የሚወጣው ባቡር እንኳ በእነርሱ እጅ ነበር፤ ኦጋዴንም እንዲሁ። ጠላትን ያስወጣ ወዳጅ መቼ ነው የሚወጣው ብለው የዉድፎርዷ ሴት በየሳምንቱ ጠየቁ። ባቡሩ በ1937 ዓ.ም. በተደረገው አዲስ ውል ተመለሰ፤ የኦጋዴን ነገር ግን እስከ 1947 ዓ.ም. ድረስ ተጓተተ። የእንግሊዝ የጸጥታ መሥሪያ ቤት በስማቸው የከፈተውን ፋይል እስኪሞቱ ድረስ አልዘጋውም። ፋሺስት በኢትዮጵያ የሠራውን ግፍ ከነፎቶግራፉ ሰብስበው ያሳተሙትም በዚሁ ጊዜ ነው፤ ፍርድ ግን ሳይሰጥ ቀረ።

ልዕልት ፀሐይ ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. በነቀምት በወጣትነታቸው ሲያርፉ፥ ሲልቪያ በስማቸው ሆስፒታል ይሠራ ብለው ተነሡ። የእንግሊዝ አገር ሰው ራሱ ከጦርነት ወጥቶ ዳቦ በራሽን በሚገዛበት ዘመን ለአዲስ አበባ ሆስፒታል ገንዘብ መለመን ቀላል አልነበረም። ለመኑ፤ ሆስፒታሉም ተሠራ። ጦር ኃይሎች ሆስፒታል እያልን የምንጠራው ይኸው ነው።

ኮሪዮ በጥር 1946 ዓ.ም. አረፉ። የሲልቪያም ልብ ታሞ ነበር። ሰው በዚህ ዕድሜ አትክልቱን እየኰተኰተ ማረፍ ይገባዋል ይላል፤ እሳቸው ግን በ1948 ዓ.ም. ክረምት፥ በ74 ዓመታቸው፥ ሠላሳ ሁለት ዓመት የኖሩባትን መንደር ትተው፥ መጻሕፍታቸውን በሣጥን አስጭነው፥ ከልጃቸው ከሪቻርድ ጋር አዲስ አበባ ገቡ። ሪቻርድ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አስተማሪ ሆኑ። እናትየው በዓመቱ መጨረሻ ሳይሆን ከጥቂት ወራት በኋላ፥ በታኅሣሥ ገደማ፥ ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር የተባለውን ወርኃዊ መጽሔት ጀመሩ። እያንዳንዱን ቍጥር በአንድ ጉዳይ ላይ፥ አንዱን በትምህርት፥ አንዱን በሴቶች ኑሮ፥ ማድረግ ይወዱ ነበር። ለዚህም ሲሉ በዚያ ዕድሜያቸው በመኪና ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር ዞሩ።

በዚያን ጊዜ ካዛንቺስ መልኩ ተለውጦ ነበር። ለጠላት ሠራተኞች የተሠሩት ቤቶች የኢትዮጵያውያን መኖሪያ ሆነዋል፤ ከበታቹ የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ተሠርቷል፤ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኤኮኖሚ ኮሚሽን በ1950 ዓ.ም. ሲቋቋም መቀመጫው አዲስ አበባ ሆኖ፥ የአፍሪካ አዳራሽ በዚያው አካባቢ ይሠራ ጀመር። የዛሬው ወጣት ግን ከእነዚያ ቤቶች ብዙዎቹን አያያቸውም፤ ከ2017 ዓ.ም. ወዲህ በተካሄደው የኮሪደር ሥራ የሠፈሩ ሰፊ ክፍል ፈርሷል።

አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ለእውነት አናደላም። ሚስ ሲልቪያ በስተርጅናቸው ስለ ኢትዮጵያ የጻፉት ብዙውን ጊዜ መልካሙን ብቻ ነው። የምሥራቅ ሎንዶንን ድኽነት ያለ ርኅራኄ ያጋለጠ ብዕር፥ የእኛን ባላገር ጭሰኛ ኑሮ በዚያው ዐይን አላየውም የሚሉ ተቺዎች አሉ፤ ነገሩም ከእውነት የራቀ አይመስለንም። አገሪቱን ለማጥፋት የተነሣባትን ጠላት ሃያ ዓመት ሲከላከል የኖረ ሰው፥ ጉድለቷን ለመቍጠር እጁ አልታዘዘለትም ይሆናል።

መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም.፥ በመስቀል በዓል ዕለት፥ በ78 ዓመታቸው አዲስ አበባ ላይ አረፉ። በሕይወታቸው ሃይማኖተኛ ባይባሉም፥ ቤተ ክርስቲያን ወለተ ክርስቶስ ብላ ሰየመቻቸውና ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት፥ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል፥ ለአርበኞች በተለየው ስፍራ ተቀበሩ። የአፍሪካ አዳራሽ ሲመረቅ አላዩም፤ የታኅሣሡ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሲነሣም አልነበሩም። መጽሔታቸውን ሪቻርድና ባለቤታቸው ሪታ እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስ አዘጋጁት፤ አዲስ አበባ እንዴት እንደ ተቈረቈረችና እስከ ወረራው ድረስ እንዴት እንዳደገች የሚተርከው የሪቻርድ ጥናት የወጣው በዚሁ ነው። ሪቻርድ በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን ከመሠረቱት አንዱ ሆኑ፤ በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉም በዚያው በቅድስት ሥላሴ ተቀብረዋል። በእንግሊዝ አገር ደግሞ በዉድፎርድ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት አንዲት ትንሽ መስክ አለች፤ ፓንክረስት ግሪን ትባላለች።